ከወንዙ ማዶ የተጠራው ስም

የወሰዱኝ ከክፍል ነው። ከምሳ በኋላ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነበር፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ስለ ቅጽል እያስተማርኩ ሳለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ከኋላቸው ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ለተማሪዎቼ «መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ጠመኔውን እንዳልጣልኩት ያወቅኩት መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው፤ በላቤ ርሶ ጣቶቼ ላይ ተለጥፏል። ከሰዎቹ አንዱ ሶፍት አውጥቶ ሰጠኝ። ጨዋ ልጅ ነበር።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው፤ ከአዳማ ወጣ ብሎ። መጋዘኑን በብሎኬት ከፋፍለውታል። ለሴቶች የተሰጠችው ክፍል በእርምጃ ስድስት በአራት ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የስንዴ ፍሬ ይገኝ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ነቀዝ ይሄዳል። ክፍሉ ጆንያ፣ አቧራና ሰው ይሸታል። ከፍ ብላ በተሠራች በወንፊት ሽቦ የተጋረደች መስኮት በኩል ከሰማይ ሌላ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮረብታው ላይ ካሉት የንፋስ ተርባይኖች የአንዱ ክንፍ። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። ንፋስ በሌለበት ቀን ክንፉ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይውላል።

ሦስት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛዋ ከአርሲ ነገሌ የመጡ እህል ነጋዴ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሙስሊም እናት ናቸው። ሁላችንም «አዴ»፣ እናቴ እንደማለት፣ እንላቸው ነበር። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ ነው እሳቸው የተያዙት። በአባቴ ቋንቋ «አካም ኦልታኒ» ብዬ እንዴት እንደዋሉ ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ የአባቴን መንደር ስነግራቸው ከፍራሻቸው ግማሹን ለቀቁልኝ። ሁለተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ስልኳ ላይ በተገኘ ጽሑፍ የመጣች። ሦስተኛዋ ሞጆ ውስጥ የጭነት መኪናዎች በሚያድሩበት ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት ነበረች። ሹፌሮች እሷ ጋ ተቀምጠው በአድማ መኪና ስለማቆም ተማክረዋል ተብሎ ከእነሱ ጋር ወሰዷት። ማን ምን አለ ተብላ ስትጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ነበራት፤ «ሳህን እያጠብኩ ነበር»።

ይህች ሴት ከሩቅ ምዕራብ፣ ከድንበር አካባቢ ናት። ሹፌር አግብታ በወጣትነቷ ነው ወደዚህ የመጣችው፤ ባሏ ሞቶ እሷ እዚያው ሞጆ ቀረች። ቆዳዋ በጣም ጥቁር ነው። ምግብ የምታስገባልን ፖሊስ የሁላችንንም ስም ከወረቀት ታነባለች፤ እሷ ጋ ስትደርስ ግን ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ «ጥቁሯ» ትላለች። ክፍላችን ውስጥም ሌሊት የምንጸዳዳበት ባልዲ ያለበት፣ የበሩ አጠገብ ያለው ቦታ የእሷ ነበር። እዚያ ሁኚ ያላት የለም። ቦታ የቀየረላትም የለም። እኔም አልቀየርኩላትም። ስሟን ሳልጠይቃት ስድስት ቀን ቆየሁ።

ምርመራዬ ስለ አንድ አጭር ልቦለድ ነበር። አዳማ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የምንወድ ሰዎች በየወሩ በአንድ ሆቴል አዳራሽ እንገናኝ ነበር፤ እዚያ ያነበብኩት ነው። ታሪኩ አንድ ሽማግሌ በእርጅናው ታሞ ይተኛና ሲነቃ ልጆቹ ሰምተው በማያውቁት ቋንቋ መናገር ይጀምራል። ልጆቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ በኋላ አባታችን ማን ነበር በሚለው ይጣላሉ። ይኸው ነው። ተጨበጨበልኝ፣ ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ።

መርማሪው ታሪኩን በወረቀት አትሞ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። በመጀመሪያው ቀን መምህርነቴን አክብሮ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን «አንቺ» ሆንኩ።

«ሽማግሌው ማነው?»

«የለም። የፈጠርኩት ሰው ነው።»

«ብሔሩስ?»

«ታሪኩ አይናገርም።»

«የሚያወራው ቋንቋ የትኛው ነው?»

«እሱንም አይናገርም።»

«አንቺ ግን ታውቂያለሽ።»

አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው። ስጽፈው ራሴን አልጠየቅኩትም። እሱ ግን የደበቅኩ መሰለው። ከዚያ የእኔን ጠየቀኝ። አባቴ ኦሮሞ ነው፣ እናቴ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ በላይ ካለው ደጋ የመጣች አማራ ናት፣ በሁለቱም ቋንቋ መዝሙር በሚዘመርበት ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግኩት ብዬ ነገርኩት። ሁለቱንም ጻፈው አልኩት። ቅጹን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ።

«ቦታው አንድ ነው» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። በእርግጥም ቦታው አንድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ተማሪዋ ታለቅስ ነበር። ጠዋት ደህና ናት፤ ወሬው ሲያልቅና ላቡ ሲመጣ ትጀምራለች። አንድ ቀን ዝም ላሰኛት ብዬ ታሪክ ልንገርሽ አልኳት። እንደ ሕፃን የቆጠርኳት መስሏት ተቆጣች፤ ግን አልከለከለችኝም።

የነገርኳት አራት ዓመት ስሠራበት ቆይቼ ያልጨረስኩትን ረጅም ልቦለዴን ነው። ደብተሮቼን ፖሊስ ወስዷቸዋል፤ ስለዚህ ከጭንቅላቴ ነበር። ልቦለዱ የእናቴ ወገኖች ስለኖሩበት ቤት ነው፤ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ያለ፣ ወደ ታች ሲያዩ ሜዳው እስከ ሐይቆቹ የሚዘረጋበት ትልቅ ግቢ። የቤቱ እመቤት የእናቴ አያት ናቸው። በልጅነቴ ስለ እሳቸው ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ባላቸው ሞቶባቸው ርስቱን ብቻቸውን የያዙ፣ በፈረስ የሚሄዱ፣ ዳኛ ፊት ቆመው የሚሟገቱ ሴት። ከኋላቸው ሁልጊዜ አንዲት አገልጋይ ትሄዳለች። በልጅነቷ ከሩቅ አገር ተነድታ የመጣች ናት። ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ እግር ታጥባለች። እሷንም ከቤተሰብ ወሬ ነው ያገኘኋት። «ታማኝ ነበረች» ከሚለው ሌላ ስለ እሷ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ታማኝ አደረግኳት።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ አንድ ምዕራፍ ነገርኳቸው። ተማሪዋ ማልቀስ ተወች። አዴ ጥያቄ ያበዙ ነበር፤ ግቢው ስንት ጥማድ በሬ እንደነበረው፣ ጎተራው ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ካላወቁ ታሪኩ አይሄድላቸውም። አማርኛው ሲከብዳቸው በኦሮምኛ እደግምላቸዋለሁ። የሞጆዋ ሴት ከበሩ አጠገብ ጉልበቷን አቅፋ ትሰማለች። አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

በሰባተኛው ቀን እመቤቲቱ ሞቱ። ይህ በጣም የምወደው ምዕራፍ ነበር። አልቃሾቹ ይመጣሉ፣ ሰው ግቢውን ይሞላል፤ ያን ጊዜ አገልጋይዋ ከጓሮ እየሮጠች መጥታ ሬሳው ላይ ትወድቃለች። ድምጿ እስኪዘጋ ትጮኻለች። ሦስት ቀን እህል አትቀምስም። የተሰበሰበው ሰው፣ የወለዷት ልጅ እንኳ እንዲህ አላዘነችም ይላል። በዚህ ላይ ጨረስኩ። አዴ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከበሩ በኩል ሳቅ ሰማን። አጭር ሳቅ ነበር፤ ያመለጣት ዓይነት። የሞጆዋ ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«ይቅርታ ቲቸር» አለችኝ።

ምን እንዳሳቃት ጠየቅኳት። ድምፄ ውስጥ ቁጣ እንደነበረ አስታውሳለሁ።

«እመቤቷን አይደለም ያለቀሰቻት።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«በዚያ ቤት ጮኻ ማልቀስ የተፈቀደላት መቼ ነው? የዚያን ቀን ብቻ ነው። ታዲያ የራሷን ሳታለቅስ ታሳልፈዋለች?»

አራት ዓመት ከዚያች አገልጋይ ጋር ኖሬያለሁ፤ ጓዳዋን፣ ልብሷን፣ የእግሯን ንቃቃት ሳይቀር ጽፌያለሁ። ይህ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም። አዴ ወደ በሩ ዞረው በኦሮምኛም በአማርኛም ሳይሆን በእጃቸው ጠሯት፤ ወደ መሃል እንድትመጣ። ከዚያ «እስቲ አንቺ ንገሪና» አሏት። ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ አደረጉላት።

መጥታ ተቀመጠች። ስትጀምር ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ሁላችንም ተጠጋን።

ልጅቷ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆናት ነው አለች። አገሩ ወንዝ ያለበት፣ ዛፉ ሰማዩን የሚሸፍንበት ነው። ልጅቷ ከወንዙ ማዶ ተሻግራ እንጨት እየለቀመች ነበር፤ እናቷ በወዲህኛው ዳር ማሽላ ታጥባለች። ፈረስ የያዙ ሰዎች መጡ። ልጅቷን ያዟትና ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቋት፤ አንደኛው እጁን አፏ ላይ ጫነ። በዚያው ቅጽበት እናቷ ቀና ብላ ልጇን አጣች፤ በስሟ ጠራቻት። አንዴ ጠራቻት፣ ሁለቴ ጠራቻት። ሰውየው እናትየው ብቻዋን መሆኗን ሲያይ እጁን ከልጅቷ አፍ ላይ አነሳ። መልሺ አላት፤ ቋንቋውን ባታውቅም ገብቷታል። ከመለሰች እናቷ ውሃውን ተሻግራ ትመጣለች።

እዚህ ላይ ቆመች። እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፣ ራቀ።

«አልመለሰችም» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ነገረችን። ዛፉ እየሳሳ ሄዶ ግራር ብቻ እስኪቀር የተሄደውን መንገድ፤ እግር ሲያብጥ ቅጠል የምታስርላት ሌላዋን ምርኮኛ፤ ብርዱን፤ የመጀመሪያውን የደጋ ጭጋግ ጢስ መስሏት ቤት ይኖራል ብላ ደስ እንዳላት። ከዚያ ግቢው። የእኔን ግቢ ነበር የምትነግረን፤ እኔ የሠራሁትን ጎተራ፣ እኔ ያቆምኩትን የፈረስ ማሰሪያ። ነገር ግን ከጓዳው በኩል ሲታይ ሌላ ቤት ሆነ። እኔ ስነግራቸው እመቤቲቱ ፈረስ ላይ ሲወጡ ይታያሉ፤ እሷ ስትነግረን እርካቡን የያዘው እጅ ታየን። ስም አወጡላት። በአዲሱ ስሟ ሲጠሯት ሮጣ «አቤት» ትላለች። ቶሎ የምትመልሰው የእሷ ስላልሆነ ነው አለችን። የራሷን ስም ግን ሳትመልስበት ነው የመጣችው። እዚያ ወንዝ ዳር ቀርቷል። እናቷ አሁንም እየጠበቀች እንደሆነ ታውቃለች።

ዓመታት አለፉ። ቋንቋዋ ከአፏ ጠፋ። አንድ ቃል ብቻ አስቀረች፤ በአገሯ ሰው ሲጠራ የሚመልስበትን ቃል።

«እመቤቷ ሞቱ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ያን ጊዜ ወጣች። ሬሳው ላይ ወደቀች፤ እንደ ቲቸር አባባል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ ለእናቷ መለሰችላት።»

ያንን ቃል በቋንቋዋ ተናገረችው። አልጮኸችም፤ በመደበኛ ድምጿ ነው የተናገረችው። አጭር ቃል ናት። የሰማሁትን ያህል ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ ፊደሎቻችን አይዙትም።

«ሰዎቹ ደግሞ» አለች፣ «እንዴት ያለች ታማኝ ናት አሉ።»

ስለ ልቦለድ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ አንጻር፣ ስለ ግጭት ሰሌዳ ሞልቼ ጽፌያለሁ። ያን ዕለት ግን እንደማላውቀው ነገር ነው ያየሁት። አንዲት ሴት ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ፣ ያለ ወረቀት፣ እኔ የቀበርኳትን ሰው ከመቃብሯ አውጥታ ፊታችን አቆመቻት። ያቺ አገልጋይ በክፍሉ ውስጥ ነበረች። ከእኔ ይልቅ ከሌሎቹ ፊት ላይ አየሁት፤ ተማሪዋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ባዶው መሃል ትመለከት ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው እሷው ተማሪዋ ናት። በእውነት የሆነ ነገር ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎም አይደለምም ሊሆን የሚችል አነቃነቅ። የተወሰደችው ልጅ የአያቷ እህት ናት አለችን። አያቷ ያኔ ጡት አልጣሉም ነበር። ከአገሩ የቀረው ወሬ ይህ ብቻ ነው፦ እናትየው እስክትሞት ድረስ «ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም» ትል እንደነበር። የልጅቷን ስም ከዚያ ቀን በኋላ በአፏ አላነሳችውም፤ ስለዚህ ስሙም ጠፋ። ልጅቷ የት እንደደረሰች፣ በማን ቤት እንደኖረች፣ ለምን እንዳልመለሰች የሚያውቅ የለም። «እኔ ሳህን ሳጥብ አስበዋለሁ» አለች። «ለምን አልመለሰችም እያልኩ። ብዙ ዓመት አሰብኩት።»

አዴ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ያልተመዘነ ነገር አያምኑም። «ውሸት ነው እንዴ ታዲያ፣ ልጄ?» አሏት፤ ሊወቅሷት ሳይሆን ሊያውቁ ፈልገው።

«እንጃ አዴ። ጥሪው እውነት ነው። መልሱን ነው የጨመርኩት።»

በሩ ሲከፈት ደነገጥን። ፖሊሷ የምሳ ዕቃዎቻችንን በፌስታል ይዛ ቆማለች። ከቤተሰብ የሚመጣው እራት ሁልጊዜ ትኩስ ነበር፤ ያን ቀን ቀዝቅዟል። በሩ ጀርባ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አላወቅንም። ዕቃዎቹን አስቀምጣልን ሄደች።

ከእራት በኋላ አዴ ተነሱና ፍራሻቸውን እየጎተቱ ወደ ባልዲው አጠገብ ወሰዱት። ሴትየዋ ተሟገተች፤ እንዴት ተደርጎ፣ እናት ኖት አለች። እሳቸው «ወገቤን በሩ በኩል ንፋስ ይሻለዋል» ብለው ተኙ። በሩ ከሥር እስከ ላይ ብረት ነበር፤ ንፋስ አያስገባም። በማግስቱ እኔ ተራዬን ወሰድኩ፣ ቀጥሎ ተማሪዋ። ስለ ቦታ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

አዴ ቦታ በቀየሩ ማግስት ጠዋት ሴትየዋ የተማሪዋን ፀጉር ሹሩባ እየሠራች ሳለ ፖሊሷ ለምርመራ ልትወስዳት መጣች። በሩ ላይ ቆማ እንደ ወትሮዋ «ጥቁሯ፣ ነይ» አለች።

ሴትየዋ ቀና አላለችም። ጣቶቿ ፀጉሩን መክፈል ቀጠሉ። ሌላ ጊዜ ወዲያው ነበር የምትነሳው።

ፖሊሷ ደገመችው። ሁለተኛው ላይ ድምጿ ያን ያህል ጠንካራ አልነበረም። በዚያ ቤት ለትንሽ ነገር ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከዚያ በፊት አንዲት እስረኛ መልስ ሰጠች ተብላ ሁለት ቀን ምግብ እንዳልገባላት ሰምተናል። አዴ ከተኙበት በሩ አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እዚህ እንደዚያ የምትባል ሰው የለችም። ወረቀትሽን እይው።»

ፖሊሷ ወጣት ናት፤ ከእኔ ተማሪዎች ብዙም አትበልጥም። ፊቷ ቀላ። የምትቆጣ መሰለኝ። ወረቀቱን ዘረጋችና ፈለገች። ከዚያ የሴትየዋን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አነበበችው፤ በሁለተኛው ላይ ተደናቀፈች። ሴትየዋ ሹሩባውን ጫፉ ድረስ ጨርሳ አሰረችው። እንዴት እንደሚባል በቀስታ ነገረቻት። ፖሊሷ ደገመችው፤ በዚህ ጊዜ በትክክል ነበር።

«አቤት» አለችና ተነሳች። ሻሿን አስተካክላ ቀድማ ወጣች፤ ፖሊሷ ተከተለቻት።

እኔ ከወር ትንሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተለቀቅኩ። ክስ አልነበረም። አዴና ተማሪዋ በዚያው ሳምንት ወጡ፤ የሞጆዋ ሴት ከሁላችንም ዘግይታ። ደብተሮቼን መለሱልኝ። አጭር ልቦለዱን አስቀሩት።

ከወጣሁ በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እናቴ አክስት ነው። ዘጠና የደረሱ ሴት ናቸው፤ ያንን ግቢ በልጅነታቸው ያዩ ከእሳቸው ሌላ አልቀረም። ስለ አገልጋይዋ ጠየቅኳቸው። ማን ትባል እንደነበር ጠፋባቸው።

«የኛዋ ነበር የምንላት» አሉኝ።

የተቀበረችበትን ጠየቅኳቸው። ክርስትና ስላልተነሳች ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፤ ከግቢው ጀርባ ነው፣ አሁን ባሕር ዛፍ አለበት አሉ። እየተናገሩ እጃቸው መቀነታቸውን ይፈትል ነበር። ደህና ሴት እንደነበረች፣ እሳቸውንም አዝላ እንዳሳደገቻቸው ጨመሩልኝ፤ ስታዝላቸው የምታንጎራጉረው ነገር ነበር፣ ቃሉን ግን ማንም አያውቀውም። የኛዋ እና የሞጆዋ ሴት አያት እህት አንድ ሰው ናቸው የምልበት ምንም ምክንያት የለኝም። ብዙ ነበሩ። በየግቢው ነበሩ።

ምዕራፉን እንደገና ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሲያልቅ በሚኒባስ ሞጆ ሄጄ የምሳው ግርግር እስኪያልፍ ምግብ ቤቷ ውስጥ ጠበቅኳት። ታሪኩ ከእሷ የተወሰደ መሆኑን፣ ካልፈቀደች እንደማላሳትመው ነገርኳት። ስሟን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ላኑረው ወይ አልኳት። አልፈለገችም። ስለዚህ እዚህም አልጻፍኩትም።

እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ አነበብኩላት። አንዴ ብቻ አቋረጠችኝ፤ በማሽላው ቦታ፣ የእነሱ ማሽላ ቀይ መሆኑን ልትነግረኝ። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እናትየዋ የምትጠራት ቦታ ላይ ስሟን ባዶ ትተሽዋል» አለችኝ።

«አላውቀውማ።»

«እኔም አላውቀውም። ፍጠሪላት።»

«በቋንቋችሁ እንዴት አድርጌ?»

«እኔ እያለሁ?»

እጇን ታጥባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በአገሯ ሴት ልጅ የሚሰጣትን ስም አንድ በአንድ ትነግረኝ ጀመር፤ ከነትርጉሙ። በዝናብ የተወለደች፣ በመንገድ ላይ የተወለደች፣ ከሞተ ልጅ በኋላ የመጣች፣ ቀዩ ማሽላ በገባበት ሰሞን የተወለደች። ብዙዎቹን ከእናቷ ዘመን ወዲህ የጠራቸው እንደሌለ ነገረችኝ። ስትጠራቸው ወደ ውጭ፣ ከባድ መኪናዎቹ ወደቆሙበት ታይ ነበር። አንዱን ስም ሁለት ጊዜ አለችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ጻፍኩት። አነባበቤን ሦስት ጊዜ አስተካከለችልኝ፤ ከዚያ ሹፌሮች ገቡና ተነሳች።

ልቦለዱ ገና አልታተመም። ማታ ማታ ልጆቼ ሲተኙ ጮክ ብዬ እያነበብኩ አርመዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገር የሚሰበርበትን ጆሮዬ ነው የሚነግረኝ። እኔ ወንጌል አማኝ ነኝ፤ ከሙታን ጋር አልነጋገርም። ወንዙ ዳር ስደርስና ያንን ስም ስጠራ ግን፣ ወደሚቀጥለው መስመር ከማለፌ በፊት ትንሽ እቆያለሁ።